ለጨዋማ ውሃ አኳሪየም ሪፉጂየምና ማጣሪያ አገጣጠም፣ ከሀ እስከ ፐ

ብዙ ሰው የባሕር ውሃ አኳሪየም ሲጀምር ገንዘቡን የሚያፈሰው መስታወቱ፣ መብራቱና ዓሣው ላይ ነው። ካቢኔው ውስጥ የሚገባው ነገር የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ በተረፈው ብር ነው። እኔ ነገሩን ገልብጡት እላለሁ። ከላይ ያለው ዓሣና ኮራል ዓመታት የሚቆየው ከሥር ያለው ሲታሰብበት ነው። ከሥር ካሉት ክፍሎች ደግሞ ሰፊውን ቦታ ለሪፉጂየሙ ስጡት። ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ)፣ ፓምፑና ማሞቂያው በቀረው ይብቃቁ።

ሪፉጂየም ከዋናው አኳሪየም ጋር አንድ ውሃ የሚጋራ፣ ዓሣ ግን የማይገባበት ክፍል ነው። ውስጡ አልጌ ይበቅላል። ኮፔፖድና አምፊፖድ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታትም የሚበላቸው ስለሌለ እንደልብ ይራባሉ። ከእነሱ የተወሰኑት በፓምፑ ወደ ላይ ወጥተው የዓሣ ምግብ ይሆናሉ።

ለምን አልጌ? ዓሣው የበላው ምግብ አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይንቀራፈፋል። ናይትሬትን ወደ ጋዝ ለውጠው የሚያስወጡት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን እምብዛም የማይደርስበት ቦታ ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ያለ ቦታ በብዛት የሚገኘው አኳሪየሙ ውስጥ በሚደረደረው ድንጋይ የውስጥ ቀዳዳዎች ነው፤ በየቀኑ ጠገብ አድርጋችሁ ለምትመግቡት አኳሪየም ደግሞ እሱ ብቻውን አይበቃም። ፎስፌት ጭራሽ ጋዝ ሆኖ አይወጣም። አልጌ ሁለቱንም ወስዶ ሰውነቱን ይሠራበታል። አልጌውን ቆርጣችሁ ስትጥሉት ናይትሬቱም ፎስፌቱም አብሮ ከቤት ወጣ ማለት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ዋልተር ኤዲ በአልጌ ውሃ የሚያጣሩበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1982 በፓተንት አስመዝግበውታል።

ልኩን እንያዝ

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ የተለመደ መጠን እንውሰድ። ዋናው አኳሪየም 120 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 45 ሴ.ሜ ስፋት፣ 53 ሴ.ሜ ከፍታ አለው። ወደ 284 ሊትር ይይዛል፤ አሜሪካ ያላችሁ 75 ጋሎን የምትሉት ነው። ከሥሩ የሚቀመጠው ሳምፕ፣ ማለትም ከላይ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበለው ሁለተኛው መስታወት፣ 75 በ30 በ45 ሴ.ሜ ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 100 ሊትር ገደማ ይይዛል።

ካቢኔ ከመግዛታችሁ በፊት የበሩን ስፋት ለኩ። ሳምፑ በበሩ ማለፍ አለበት። ከገባ በኋላም የስኪመሩን ኩባያ ወደ ላይ ስባችሁ የምታወጡበት ክፍት ቦታ ይኑር። ይሄን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ኩባያውን ለማጠብ በሞከረ ቁጥር ስኪመሩን ሙሉውን መንቀል ይኖርበታል።

ውሃውን ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው ኦቨርፍሎ ይባላል። የምመክረው መስታወቱ ተበስቶ የሚገጠመውን ነው። ከኋላ የሚንጠለጠልና በመምጠጥ የሚሠራ ዓይነትም አለ፤ ርካሽ ነው፣ መብሳትም አይፈልግም። ችግሩ ቱቦው ውስጥ አየር ሲጠራቀም መምጠጡን ያቆማል። ከሥር ያለው ፓምፕ ግን መግፋቱን አያቆምም። የፓምፑ ክፍል እስኪደርቅ ድረስ ያለው ውሃ በሙሉ ሳሎን ወለል ላይ ይደፋል። የምትበሱት መስታወት ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ፣ አለመሆኑን ከአምራቹ አረጋግጡ። ቴምፐርድ መስታወት ሲበሳ ይፈረካከሳል።

መውረጃ ቱቦ ሁለት ይሁን። አንደኛው ዋናው ነው፤ ጌት ቫልቭ (ፍሰቱን ቀስ በቀስ የሚያጠብ መዝጊያ) ግጠሙለትና ሙሉ ለሙሉ በውሃ ተሞልቶ እስኪወርድ ድረስ አስተካክሉት፣ ያኔ የሚንቧቧው ድምፅ ይጠፋል። ሁለተኛው ከፍ ብሎ ባዶውን ይቆማል፤ ዋናው በቀንድ አውጣ ወይም በአልጌ ቢዘጋ ውሃው በሱ ይወርዳል። በሁለተኛው ላይ ቫልቭ እንዳታደርጉ።

መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይደርሳል?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዚህ ሥራ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው።

ፓምፑ ሲቆም ከላይ ያለው ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። በኦቨርፍሎው በኩል የሚወርደው ትንሽ ነው፤ ከጠርዙ በታች ሲሆን ይቆማል። ወደ ላይ የሚመልሰው ቱቦ ግን አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ወደኋላ መምጠጥ ይጀምራል። የሚያቆመው አፉ ከውሃው በላይ ሲሆን ብቻ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዋናው አኳሪየም 120 በ45 ስለሆነ እያንዳንዱ 1 ሴ.ሜ ውሃ 5.4 ሊትር ነው። የቱቦው አፍ 2 ሴ.ሜ ብቻ ጠልቆ ከሆነ 11 ሊትር ገደማ ይመለሳል። 10 ሴ.ሜ ጠልቆ ከሆነ 54 ሊትር ይመለሳል። ሳምፑ ደግሞ ሥራ ላይ እያለ ግማሽ ያህሉ ሙሉ ነው፣ ባዶ የሚቀረው ከ50 ሊትር ብዙም አይበልጥም፣ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ውሃም ይጨመርበታል። ስለዚህ የመመለሻውን አፍ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ ብቻ ግጠሙት። ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስተው አየር እንዲስብ የሚያደርጉ አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ቀዳዳው በአልጌ ይደፈናል፤ እምነታችሁን በሱ ላይ አትጣሉ።

ሁሉም ነገር ተገጥሞ ውሃ ሲገባ ፓምፑን ራሳችሁ አጥፉትና ተመልከቱ። ውሃው ወርዶ ወርዶ ሲያቆም ከሳምፑ አፍ ቢያንስ 5 ሴ.ሜ መቅረት አለበት። ፓምፑን መልሳችሁ አብሩትና ውሃው ሲረጋጋ የፓምፑ ክፍል ውስጥ ውሃው የደረሰበት ላይ ቴፕ ለጥፉ። ከዚያ ቴፕ በላይ ውሃ አይጨመርም፣ ማንም ቢሆን።

ክፍሎቹን መሥራት

ሳምፑን በሦስት ክፍልና በአንድ አረፋ መያዣ እንከፍለዋለን። በግራ 24 ሴ.ሜ ከላይ የሚወርደውን ቆሻሻ ለሚይዘው የፊልተር ከረጢትና ለስኪመሩ፣ ቀጥሎ 6 ሴ.ሜ አረፋ መያዣ፣ መሀል ላይ 15 ሴ.ሜ ለፓምፑ፣ በቀኝ 30 ሴ.ሜ ለሪፉጂየሙ። አንድ ላይ 75። ክፍሎቹን በተራ ደርድረው ውሃው ከስኪመር ወደ ሪፉጂየም፣ ከዚያ ወደ ፓምፕ እንዲሄድ የሚያደርጉም አሉ። ይሠራል። እኔ ግን ሪፉጂየሙን ዳር ማድረግ እመርጣለሁ። ምክንያቱም ወደ እሱ የሚገባውን ውሃ ለብቻው ትቆጣጠራላችሁ፣ ኮፔፖዶቹም ከሪፉጂየሙ ሲወጡ ከረጢትም ስኪመርም ሳይነካቸው በቀጥታ ፓምፑ ጋ ይደርሳሉ።

መከፋፈያው መስታወት ይሁን፣ ውፍረቱ 5 ሚ.ሜ ይበቃል። ሲሊኮን ከአክሪሊክ ጋር በደንብ አይያያዝም፣ ስለዚህ የመስታወት ሳምፕ ውስጥ የአክሪሊክ መከፋፈያ አታስገቡ። መስታወት ቤቱ ሲቆርጥላችሁ ስፋቱን ከውስጡ ስፋት 4 ሚ.ሜ አሳንሱት፣ በየጎኑ ሲሊኮን የሚገባበት ቦታ እንዲኖር። ሲሊኮኑ ለአኳሪየም የሚሆን፣ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የሌለበት መሆን አለበት። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ብዙ ጊዜ ይሄ መድኃኒት አለበት፣ ፍጥረታቱን ይገድላል።

አራት መስታወት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከወለሉ የሚነሳ፣ 23 ሴ.ሜ ከፍታ ያለው ነው፤ በስኪመሩ ክፍል ያለውን የውሃ ከፍታ የሚወስነው እሱ ነው። የስኪመራችሁ መመሪያ ሌላ ከፍታ ከጠየቀ እሱን ተከተሉ። ሁለተኛው ከወለሉ 3 ሴ.ሜ ተነስቶ ይጣበቃል፣ ውሃው በሥሩ እንዲያልፍ። አናቱ ከመጀመሪያው ከፍ ይበል። ሦስተኛው ከወለሉ ይነሳል፣ 20 ሴ.ሜ። ውሃው በላይ፣ በሥር፣ በላይ ሲያልፍ አረፋው ወደ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። በየመሀላቸው 3 ሴ.ሜ ተዉ። አራተኛው የሪፉጂየሙ ግድግዳ ነው፣ 23 ሴ.ሜ፤ አናቱ ላይ አልጌው ወደ ፓምፑ እንዳያልፍ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ፍርግርግ አድርጉበት።

መስታወቱ የሚጣበቅበትን ቦታ በአልኮል ጥረጉ። ሲሊኮኑን ከሁለቱም ወገን ጥግ ጥጉን በጣት እያለሰለሳችሁ አስኪዱት። ቢያንስ 48 ሰዓት፣ ቢቻል ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ሌሊት ጋዜጣ ላይ አሳድሩት። ጋዜጣው ከረጠበ ያፈስሳል።

ፓምፕና የውሃ ፍጥነት

በሰዓት ከአኳሪየሙ ይዘት ሦስት እስከ አምስት እጥፍ በሳምፑ ቢያልፍ በቂ ነው። ለእኛ ምሳሌ 850 ሊትር ገደማ እስከ 1,400 ማለት ነው። ፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሃውን ምንም ከፍታ ሳይገፋ ነው። ከካቢኔ እስከ አኳሪየሙ አፍ ሜትር ከምናምን አለ፣ በዚያ ላይ ቱቦው የሚታጠፍበት ክርን ክርኑ ይቀንሰዋል። ከመግዛታችሁ በፊት በከፍታ ስንት እንደሚገፋ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ።

ከመመለሻው ቱቦ ላይ ቲ በሚባለው ባለሦስት አፍ መገጣጠሚያ ገጣጥማችሁ አንድ ቀጭን ቱቦ ወደ ሪፉጂየሙ ቀኝ ጥግ ውሰዱ። ቦል ቫልቭ ይኑረው። ጫፉ ውሃው ወለል ላይ ይሁን፣ ወደ ታች አትድፈቁት፣ አለዚያ ፓምፑ ሲቆም የሪፉጂየሙን ውሃ መልሶ ይስባል። አንድ ሊትር የሚይዝ ጆግ ያዙና ከቱቦው ሙሉት። በ12 ሴኮንድ ከሞላ በሰዓት 300 ሊትር ነው፣ ለመነሻ ጥሩ ነው። ሪፉጂየም ውሃው መቆም አለበት ሲባል ትሰማላችሁ። አልጌ ግን ምግቡን የሚወስደው ከሚያልፍበት ውሃ ነው፤ ክምሩ ቀስ እያለ የሚገላበጥ ከሆነ ከየአቅጣጫው ብርሃን ያገኛል፣ መሀሉም አይበሰብስም።

የፊልተር ከረጢቱ 200 ማይክሮን ይሁን። በየሦስት አራት ቀኑ ይቀየራል። ከዚያ በላይ ከቆየ የያዘው ቆሻሻ እዚያው በስብሶ ናይትሬት ይሆናል። ሦስት አራት ከረጢት ይኑራችሁና እያጠባችሁ አፈራርቁ፣ ኦሞ ግን አይነካውም። ስኪመር የሚሠራው በጥቃቅን አረፋ ነው፤ ገና ያልበሰበሰ ቅባትና ፕሮቲን አረፋው ላይ ተጣብቆ ኩባያው ውስጥ ይገባል። አዲስ ስኪመር የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ይገነፍላል ወይም ምንም አያወጣም። ተዉት፣ ይስተካከላል።

ኤሌክትሪኩ ላይ አትቆጥቡ። ሶኬቱ ከውሃው መስመር ወዲያ ይሁን፣ እያንዳንዱ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይጠምዘዝ፣ ጠብ ያለ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲሰማው መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያም የግድ ነው፤ ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚያው ልክ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ላይ ያለ የባሕር ውሃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 6.8 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፣ አዲስ አበባ ላይ ከ5 ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ዓሣ አታብዙ፣ ስኪመሩም ቀንና ሌሊት ይሥራ። መብራት ሲጠፋ የሚነሳ በባትሪ የሚሠራ አየር ፓምፕ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይኑራችሁ። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ችግራችሁ ሌላ ነው፣ ሙቀት። ቤት ውስጥ ኤሲ ሲጠፋ ውሃው በቶሎ ከ28 ዲግሪ ስለሚያልፍ ማቀዝቀዣ አስቡበት።

ሪፉጂየሙ ውስጥ ምን ይገባል?

አልጌው ኬቶሞርፋ ይሁን፣ ባጭሩ ኬቶ የሚሉት። አረንጓዴ የተጠላለፈ ሽቦ ይመስላል። ሥር የለውም፣ ድንጋይ ላይ አይያያዝም፣ መቁረጡም ቀላል ነው። ጭብጥ የሚያህል ይበቃል ለመጀመር። ከሌላ ሰው አኳሪየም ስትወስዱ መጀመሪያ በጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ ደጋግማችሁ አራግፉት። ክሩን ዘርዘር አድርጋችሁ እዩ። መሀሉ ላይ ቡናማ፣ እንደ ጨረር ዙሪያውን የተዘረጉ ቀጫጭን ክንዶች ያሉት ትንሽ ነገር ካያችሁ ኤፕቴዥያ የሚባለው ተባይ ነው፣ ያንን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት። አንዴ ከገባ ማጥፋቱ ከባድ ነው።

ካውለርፓ የሚባለውን አልጌ አልመክርም። ሲያዩት ያምራል፣ በፍጥነትም ያድጋል። ግን አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ነጭ ሆኖ የያዘውን ሁሉ መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ከቤት ከወጣ ደግሞ ጉዳቱ ለባሕሩ ነው። ካውለርፓ ታክሲፎሊያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞናኮ ፊት ለፊት ሜዲትራኒያን ውስጥ ታየና ከዚያ ተስፋፋ። በ2000 ካሊፎርኒያ ገባ፤ እስከ 2006 ድረስ ታግለው ነው ያጠፉት፣ ወጪውም ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የትኛውንም አልጌ ስትጥሉ አድርቃችሁ ቆሻሻ ውስጥ እንጂ ወንዝ ወይም ፍሳሽ ውስጥ አይሁን።

ወለሉ ላይ ጥልቅ አሸዋ የሚያደርጉ አሉ። በ30 ሴ.ሜ ክፍል ውስጥ ጥቅሙ አይታየኝም፣ ቆሻሻ ይሰበስባል። ይልቅ ጡጫ ጡጫ የሚያካክሉ የላይቭ ሮክ (ባክቴሪያና ጥቃቅን ፍጥረታት የሚኖሩበት የባሕር ድንጋይ) ስብርባሪዎችን አድርጉ፣ ኮፔፖዶቹ ይደበቁበታል። ዋናው አኳሪየም ውስጥ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ድንጋይ ይግባ።

መብራቱ ውድ መሆን የለበትም። 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ ኤልኢዲ አምፖል አልጌ ያሳድጋል። ለእፅዋት የሚሸጠው ቀይና ሰማያዊ መብራት ደግሞ ይበልጥ ያፈጥነዋል። ከውሃው 20 ሴ.ሜ ገደማ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። የሚበራው የላይኛው ሲጠፋ ነው። የላይኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚበራ ከሆነ የሪፉጂየሙ ከምሽቱ 2 እስከ ንጋቱ 12 ይብራ። ሌሊት ሁሉም ነገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስወጣ ፒኤች ይወርዳል፣ ማለትም ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ የበራው አልጌ ያንን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ኦክስጅን ይመልሳል፣ መውረዱም ይለዝባል። ብርሃኑ ወደ ፓምፑና ስኪመሩ ክፍል እንዳያመልጥ በጥቁር ፕላስቲክ ጋርዱት።

ውሃና አጀማመር

የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይገባም። ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም መዳብ አለበት፣ መዳብ ደግሞ ኮፔፖድና ሽሪምፕ ይገድላል። አርኦ ዲአይ የሚባለው፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ የሚያስቀር ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ የሟሟውን ነገር መጠን የሚያሳየው ቲዲኤስ መለኪያ ዜሮ ማሳየት አለበት። ጨዉም ለአኳሪየም የተዘጋጀ ይሁን። የገበታ ጨውም ሆነ የአፋር ጨው አይሆንም። አብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ኮራል የሚፈልገው ካልሲየምና ማግኒዚየም በልኩ የለበትም። ለ300 ሊትር ከ11 ኪሎ በላይ ጨው ይሄዳል። ጨዋማነቱ 35 ፒፒቲ (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው)፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ። የጨዋማነት መለኪያውን ሪፍራክቶሜትር በ35 ፒፒቲ መፈተሻ ፈሳሽ አስተካክሉት።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ሊትር ላይ 2 ሚሊግራም እስኪደርስ አሞኒያ ጨምሩና ጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የጨመራችሁት አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ ዜሮ ከገባ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ ባክቴሪያው ደርሷል። ኬቶ የሚገባው ናይትሬት መታየት ሲጀምር ነው፤ ምግብ በሌለበት ብታስገቡት ይነጣል። ኮፔፖዶቹን በማታ፣ ፓምፑን ለአንድ ሰዓት አጥፍታችሁ ሪፉጂየሙ ውስጥ ልቀቋቸው። ዓሣ አንድ ወይም ሁለት ብቻ፣ ከዚያ ሳምንታት ይለፉ።

ውሃ ሲተን ጨዉ አይተንም። ስለዚህ የሚተካው ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው። መጉደሉ የሚታየው ደግሞ የፓምፑ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ክፍሎች በመስታወት የታገዱ ናቸው። የፓምፑ ክፍል 15 በ30 ስለሆነ በቀን 3 ሊትር ቢተን ወደ 7 ሴ.ሜ ይወርዳል። ሁለት ቀን ከተረሳ ፓምፑ አየር ይስባል። በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ግዙ።

ሥራ ከጀመረ በኋላ

ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ደስ ይበላችሁ። ዜሮ ማድረግ ግብ አይደለም። ሁለቱም ዜሮ ሲገቡ ኬቶው ይቀልጣል፣ ድንጋዩ ላይ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ቡናማ ልጋግ የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። ቁጥሩ መውረድ ከጀመረ የሪፉጂየሙን መብራት በሁለት ሰዓት ቀንሱ፣ ወይም ዓሣውን ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ መግቡ። ቁጥሩ እየጨመረ ኬቶው ካላደገ ብርሃኑ አንሶታል ወይም ብረት ጎድሎታል። መጀመሪያ መብራቱን ቀይሩ፣ ከዚያ ነው ስለ ብረት የሚታሰበው።

ክፍሉ ሲሞላ ግማሹን ቆርጣችሁ አውጡ፣ የቀረውን ገልብጡት። ሲጠነክር በሁለት ሳምንት አንዴ ይሆናል። ውሃው ቢጫ እያለ ከመጣ አልጌው የሚለቀው ቀለም ነው፣ ትንሽ አክቲቭ ካርቦን በከረጢት አድርጉበትና በየወሩ ቀይሩት።

ማንዳሪን የሚባለውን ባለቀለም ዓሣ ሁሉም ይወደዋል። ቀኑን ሙሉ ኮፔፖድ እየለቀመ የሚበላ ስለሆነ ባልበሰለ አኳሪየም ውስጥ በረሃብ ይሞታል። የላይኛው መብራት ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ በባትሪ ብርሃን የላይኛውን መስታወት እዩ። ነጫጭ ነጥቦች በየቦታው ሲሯሯጡ ካያችሁ፣ ይሄም ለወራት ከቀጠለ፣ ያኔ አንድ ብቻ ግዙ።

ፓምፑንና የስኪመሩን ሞተር በየሦስት አራት ወሩ ፈታታችሁ ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ ዘፍዝፉ፣ ካልሲየሙ ይለቃል። መልሳችሁ ስትገጥሙ ፓምፑን አንዴ አጥፉና ውሃው የት እንደሚቆም እንደገና እዩ፤ ቱቦ ሲነካካ የመመለሻው አፍ ሳይታወቅ ዝቅ ሊል ይችላል።